ምጥ ላይ «ደህና ነኝ» አይባልም

(ሜሪላንድ ውስጥ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወንዶች ይቅርታ፣ ትንሽ ቁሙ፤ ዛሬ መቀመጥ የእርጉዞቹ መብት ነው። ከኋላ የተደረደራችሁትን እናቶችም አይቻለሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ ልጆቻችሁን ልታርሱ የመጣችሁ ናችሁ። ሻንጣችሁ ውስጥ ምን እንዳለም አውቃለሁ፤ በሶ፣ የአጥሚት እህል፣ ቅቤ። ከመካከላችሁ አምስትም ሰባትም የወለዳችሁ አላችሁ። እኔ የወለድኩት ሁለት ነው። ስለዚህ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት እኔው ቀድሜ ብዬዋለሁ።

ሥራዬ ማዋለድ ነው። አገር ቤት ሰባት ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋልጃለሁ፤ እዚህ ደግሞ በማዋለጃ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። የተጠራሁት ስለ ምጥ ማስታገሻ መድኃኒቶች እንድናገር ነው፣ እናገራለሁም። አስቀድሜ ግን አንድ ሌሊት ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ የእኛው ልጅ ነበረች። የእኔ ታካሚ አልነበረችም፤ ለባልደረባዬ ዕቃ ላቀብል ነው የገባሁት። ነርሷ ሕመሟን ትጠይቃታለች፤ «ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትይዋለሽ?» አስተርጓሚው በስክሪን ላይ ነው፣ ጥርት ባለ አማርኛ ጠየቃት። ልጅቷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። አስተርጓሚው ያለችውን አስተላለፈ፣ ነርሷም ኮምፒዩተሩ ላይ 2 ብላ ጻፈች። እኔ ዓይኔ ያረፈው እጇ ላይ ነው። የአልጋውን ብረት ጨምቃ ከመያዟ የተነሳ የጣቶቿ አንጓ ነጭ ሆኗል፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፤ የእግሯ ጣቶች አንሶላው ሥር ተኮማትረዋል። ምጡ እስኪያልፍላት ጠብቄ «የኔ እህት፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ሞቻለሁ እኮ» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አልሽ?» ስላት ግራ ገብቷት አየችኝና «ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ሌላ ምን ይባላል?» አለች።

የማኅፀኗ በር 8 ሴንቲ ተከፍቶ ነበር።

አስተርጓሚው አልተሳሳተም። ነርሷም የሰማችውን ነው የጻፈችው። ልጅቷም ያደገችበትን ነው ያደረገችው፤ እኛ ቤት ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ» ሲሉት «ተመስገን» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ «ድምጿ ሳይሰማ ተገላገለች» ተብሎ የሚወደሰውን ሴት ሁላችንም ሰምተን አድገናል። እዚህ አገር ግን የማዋለጃ ክፍል የሚሠራው በተነገረው ነው። 2 ያለች ሴት ጋ ማንም ማስታገሻ ይዞ አይመጣም፤ 8 ያለችዋ ጋ ይሮጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩን እንማር። ምጡ ሲመጣ ወሬሽን ሳታቋርጪ መቀጠል ከቻልሽ 3 ነው እንበል። ወሬሽን አቋርጠሽ መተንፈስ ካስፈለገሽ 6። ምጡ አልፎ እንኳ የሚቀጥለውን እየፈራሽ የምትጠብቂ ከሆነ 8 በያት፤ አታፍሪ። ሌላው ደግሞ፣ የምትጠየቂው በሁለት ምጥ መካከል በተረጋጋሽበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «አሁን ምንም አይለኝም፣ ሲመጣ ግን ዘጠኝ ነው» ማለት ይቻላል።

አስተርጓሚ ካነሳሁ አይቀር፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በሙሉ፣ ማለት ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ባሌ ይተረጉምልኛል» አትበሉ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ባሎች እንዳትቀየሙኝ።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር። ብዙዎቻችሁ አፍ አውጥታችሁ ባትናገሩትም ልባችሁ ውስጥ «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የሚለው የኦሪት ቃል አለ። ማስታገሻ መውሰድ ከትእዛዝ መሸሽ የሚመስላት እናት አጋጥማኛለች፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ጴንጤም ኦርቶዶክስም ሳይለይ «ሕመሙን ካልቻልኩት ምኑን እናት ሆንኩት» የምትል አለች። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ጄምስ ሲምፕሰን የሚባል የኤደንብራ ሐኪም ለወላድ ሴቶች መጀመሪያ ኤተር፣ ቀጥሎ ክሎሮፎርም ሲሰጥ ይህችኑ ጥቅስ መዝዘው ተነሱበት። እሱም ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት መለሰላቸው፦ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ሲወስድ መጀመሪያ ከባድ እንቅልፍ አልጣለበትም ወይ? ክርክሩ ቀጥሎ ሳለ በሚያዝያ 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ዶክተር ጆን ስኖው መሐረብ ላይ ክሎሮፎርም እያንጠባጠበ ለ53 ደቂቃ አሸተታት። ንግሥቲቱ ከወሰደችው በኋላ የተቃዋሚው ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ ሰው መቼም ከቤተ መንግሥት የመጣ ነገር ይወዳል። እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም፤ የንስሐ አባታችሁን፣ ሼኻችሁን፣ ፓስተራችሁን ጠይቁ። ብቻ ምጥ ከመያዙ በፊት ጠይቁ።

እሺ፣ መድኃኒቶቹ። ከቀላሉ ልጀምር፤ የመጀመሪያው ከፋርማሲ አይገዛም። «አይዞሽ» ነው።

አትሳቁ። በነበርኩበት ጤና ጣቢያ ለምጥ ሕመም የምንሰጠው ምንም አልነበረንም። ማዋለጃ አልጋ፣ ጓንት፣ ደም እንዳይፈስ የሚሰጥ መርፌ፣ ለመስፊያ የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን፣ እሱም ሲኖር። የወሊድ አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ሴቶቹም እየመጡልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፣ በ2019 48 በመቶ ደርሰዋል። ማስታገሻው ግን አብሮ አልመጣም። ያለን ወገብ ማሸትና «በርቺ፣ ማርያም ትድረስልሽ» ማለት ነበር። እዚህ መጥቼ ስማር የገረመኝ፣ ከጎኗ የማይጠፋ ደጋፊ ያላት ወላድ ምጧ እንደሚያጥር፣ ማስታገሻም ሆነ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋት ዕድል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች መታየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። የእኛ እናቶች ይህንን ያውቁት ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ እሽት ወገብ ላይ ነው። በቅቤ ሆድ ማሸትና መጫን እዚያም ክፉ ልማድ ነው፣ እዚህም አይሆንም። ሙቅ ሻወር፣ መራመድ፣ ወገብ ላይ ሙቅ ጨርቅ፤ እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ፣ ጉዳት የላቸውም።

ሁለተኛው የሚሳበው ጋዝ ነው፤ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ግማሽ በግማሽ ከኦክስጅን ጋር። እንግሊዝ አገር እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ የሌለበት ማዋለጃ እምብዛም ነው። እዚህ በሁሉም ሆስፒታል የለም፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጭምብሉን የምትይዘው ራሷ ወላዷ ናት፤ ምጡ ሊጀምር ሲል ትስባለች፣ ሲያልፍ ትተወዋለች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሕመሙን አያጠፋም፤ «ሕመሙ አለ፣ ግን ግድ አልሰጠኝም» ብላ የነገረችኝ አለች። ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ባል ጭምብሉን ይዞላት መቆም ክልክል ነው፤ ሲበዛባት እጇ ዝሎ ጭምብሉ እንዲወድቅ ነው የተሠራው።

ሦስተኛው በደም ሥር ወይም በጡንቻ የሚሰጠው መርፌ ነው። አገር ቤት ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ፔቲዲን የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚህ የሚበዛው ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ስል ፊታችሁ ሲለወጥ አያለሁ፤ በዜና የምትሰሙት፣ ጎዳና ላይ ሰው የሚገድለው። አዎ፣ ያው መድኃኒት ነው። ልዩነቱ መጠኑና የሚሰጠው ሰው ነው፤ በሆስፒታል የሚለካው በማይክሮግራም፣ በግራም ሚሊዮንኛ ነው። እነዚህ መርፌዎች ሕመሙን ያደበዝዛሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ። ችግራቸው በእንግዴ ልጁ አልፈው ሕፃኑ ጋ መድረሳቸው ነው። መውለጃው ሲቃረብ ከተሰጡ ሕፃኑ ፈዝዞና ትንፋሹ ደከም ብሎ ሊወለድ ይችላል፤ ፔቲዲን ላይ ይህ ይብሳል። ለዚህ ነው ነርሷ «አሁንማ ረፍዷል» የምትላችሁ። ጨካኝ ሆና እንዳይመስላችሁ።

አራተኛው፣ ሁላችሁም የመጣችሁበት፣ የጀርባ መርፌው ነው። ኤፒዱራል። ወሬው ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ማደንዘዣ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ሰመመን ነው፣ ራስን አለማወቅ። ይህ ያ አይደለም። ኤፒዱራል የወሰደች ሴት ነቅታለች፣ ታወራለች፣ ልጇ ሲያለቅስ ትሰማለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እኛ ግሉኮስ የምንለው፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰቀላል። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ትራስ አቅፈሽ ጀርባሽን እንደ ተቆጣ ድመት ታጎብጫለሽ። የሰመመን ሐኪሙ ወገብሽን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ያጸዳል፤ ቆዳው ላይ ትንሽ ማደንዘዣ ይወጋል፣ እንደ ንብ ይነድፋል። ቀጥሎ የሚሰማሽ መጫን ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ኅብለ ሰረሰርን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ውጭ ያለ ጠባብ ቦታ አለ፤ መርፌው የሚገባው እዚያ ነው። በመርፌው ውስጥ እንደ ክር የቀጠነች የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡና መርፌውን መልሰው ያወጡታል። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ጀርባሽ ውስጥ መርፌ አይቀርም። ቱቦዋ በፕላስተር ትለጠፋለች፣ መድኃኒቱ በእሷ ጠብ ጠብ ይላል፤ ብዙ ቦታ ሲያምሽ ራስሽ የምትጫኚው ቁልፍ ይሰጥሻል። ሥራውን እስኪጀምር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ መሀል ምጥ ሲመጣ ግን መንቀሳቀስ አይቻልም። ከባዱ ክፍል ይህ ነው፣ መርፌው አይደለም። ያን ጊዜ ፊት ለፊቷ ቆሞ ትከሻዋን የሚይዛት ሰው ወርቅ ነው።

መቼ ነው የሚወሰደው? «4 ሴንቲ ካልደረስሽ አይሰጥሽም» የሚለው ያረጀ ነው። የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚለው፣ ከልካይ የጤና ምክንያት እስከሌለ ድረስ እናቲቱ መጠየቋ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ከልካዮቹ ደግሞ አሉ፦ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቷ በጣም የወረደ፣ መርፌው በሚገባበት ቦታ ኢንፌክሽን ያለባት። ደም የሚመረምሩሽ ለዚህም ጭምር ነው። የወገብ ኦፕራሲዮን ተደርጎልሽ ከነበረ ወርሽ ሲገባ ሳይሆን ዛሬ ተናገሪ።

አሁን ባሎች ጋ ደረስን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰመመን ሐኪሙ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ይገባል። ሕጉ ስለሚያስገድደው ከማሳከክ እስከ ሞት ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል። አንድ ባል፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የፈራ ባል፣ ያን ሁሉ አዳምጦ ወደ ሚስቱ ዞረና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦ «ሽባ ትሆኛለሽ ነው የሚለው።» ብዕሩን ይዛ የነበረችው ሴት ወረወረችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አማጠች፣ ሊነጋ ሲል ራሷ ለምና ወሰደችው።

ቁጥሩን ብታውቅ ኖሮ ራሷ ትመዝነው ነበር። የእንግሊዝ የወሊድ ሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ለእናቶች በሚሰጠው ወረቀት ላይ እንዲህ ተቀምጧል፦ ከ8 ሴቶች አንዷ ላይ በደንብ ሳይሠራ ይቀርና ሌላ ነገር ያስፈልጋታል። ከ50 አንዷ የደም ግፊቷ በጣም ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ግሉኮሱ የሚሰቀለው፣ ግፊቱም በየጥቂት ደቂቃው የሚለካው። ከ100 አንዷ ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዛታል፤ ሽፋኑ ሲበሳ የሚመጣ ነው፣ ስትተኛ ይሻላታል፣ ስትቀመጥ ይነሳባታል። ይህ ይታከማል፤ ከክንዷ ትንሽ ደም ወስደው እዚያው ጀርባዋ ላይ ይወጉትና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከ6 ወር በላይ የሚቆይ የነርቭ ጉዳት ከ13,000 አንዷ ላይ። ሽባ መሆን ከ250,000 አንዷ። ባልየው የተረጎመው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

በወረቀቱ ላይ ጎልተው የማይወጡ ግን እኔ በየሌሊቱ የማያቸውን ልጨምር። ማሳከክ፣ በተለይ አፍንጫ። ብርድ ሳይኖር ማንቀጥቀጥ። ትኩሳት። ሽንት መሽናት ስለሚያስቸግር በቱቦ ማውጣት። እግር ስለሚከብድ ከአልጋ አለመውረድ፤ ይህ ያናድዳል፣ መራመድ የምትወድ ሴት ታስብበት። መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ጡት ከማጥባትም አያግድም።

ሊዶኬይንን ቶሎ ልለፈው፤ ስትሰፉ ሁልጊዜ ጠይቁ። ካልደነዘዘ «ይሰማኛል» በሉ፣ የሚሰፋው ሐኪም ይቁም። ግርዛት ያለባችሁ ደግሞ ለሐኪማችሁ በክትትሉ ወራት ንገሯት፣ ምጥ ላይ እንዳትደነግጥ። ኦፕራሲዮን የሆነ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በጀርባ በኩል አደንዝዘው ነው የሚሠሩት፤ ሙሉ ሰመመን የሚሰጡት በጣም ሲቸኩሉ ወይም የጀርባው የማይሆን ሲሆን ነው።

ጥያቄ ያላችሁ?

እሺ፣ እዚያ ጥግ። «የጀርባ መርፌ የወሰደች ጓደኛዬ ዕድሜ ልኳን ወገቧን ያማታል።» ወገቧን ማመሙን አልጠራጠርም። መርፌው የገባበት ለጥቂት ቀን ይቆረቁራል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን የወገብ ሕመም ግን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ሴቶች ሲያነጻጽሩ ልዩነት አላገኙም። እርግዝናው ራሱ፣ ከዚያ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሕፃን አዝሎና ተሸክሞ መዋል፣ ወገብ ይሰብራል።

«ኦፕራሲዮን ያመጣል ይባላል።» በሰፊው የተጠና ጥያቄ ነው፤ አያመጣም። ማማጫው ጊዜ ግን ይረዝማል፣ ይህ እውነት ነው። የመግፋት ስሜቱ ስለሚደበዝዝ «አሁን ግፊ» ሲሉሽ ነው የምትገፊው። ድሮ ብርቱ መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ ልጁ በመሳሪያ ተስቦ የመውጣቱ ዕድል ከፍ ይል ነበር፤ መጠኑ ከቀነሰ ወዲህ ልዩነቱ ጠብቧል።

እማማ፣ እርስዎ እጅዎን አውጥተዋል። ... «እኔ ሰባቱንም እንዲሁ ነው የወለድኩ፤ ልጄ ያንን መርፌ ካልወሰድኩ ትላለች። እንቢ በይ ልበላት ወይስ ዝም ልበል?» እማማ፣ እርስዎን ያን ጊዜ «ምን ትፈልጊያለሽ» ብሎ የጠየቀዎ ሰው ነበር? ... እንግዲህ እሷን ጠየቋት። እርስዎ ፊት ለፊቷ ቆመው ትከሻዋን ይያዙላት። ደግሞም ያለ ምንም እወልዳለሁ ያለችዋንም እንዲሁ ይያዟት፤ ያም ምርጫ ነው፣ እኔም ሁለተኛውን እንደዚያ ነው የወለድኩት። ሐሳቧን መሀል ላይ ብትቀይርም ማንም «ብለሽ ነበር» አይበላት።

የመጨረሻ ጥያቄ። «ምጥ ላይ ገንፎ ማስገባት ይፈቀዳል?» አይፈቀድም! ባለፈው አንዷ አያት ገንፎ በሰፌድ ይዘው በር ላይ ከነርሶቹ ጋር ተፋጠዋል። ድንገት ሰመመን ቢያስፈልግ በሆዷ ያለ ምግብ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባባት ነው፤ ጠንካራ ምግብ አይሆንም፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ በልኩ ይፈቀዳል። «አጥሚትም ፈሳሽ ነው» ብላችሁ ደግሞ እንዳትከራከሩኝ። ጥርት ያለ የሚባለው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ማዶው የሚታይ ነው። ገንፎው ስትገላገል ትኩሱን ይደርሳል፤ ማይክሮዌቭ ኮሪደሩ ላይ አለ፣ ቅቤውን ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ።